ጓሮውን የወረረው አበባ

ጡረታ የወጡት አናጢ ያን ሰሞን እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ባለቤታቸው ከመንገድ ዳር ዘሩን ለቅመው የበተኑት ቢጫ አበባ የሽንኩርቱን መደብ ውጦ ወደ ጎመኑ እየገሰገሰ ነበር። ሁለቱ አዛውንት የሚበሉት ደግሞ ከዚያው ጓሮ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ጠዋት በሩን በከፈቱ ቁጥር አንድ መደብ ያለቀ ይመስላቸው ነበር።

አንድ ቀን የፀረ አረም መድኃኒት በጀሪካን ይዘው ሲመለሱ፣ የእርሻ ትምህርት የምትማረው የጎረቤት ልጅ በራቸው ላይ አገኘቻቸው።

«እንደምን ዋሉ አባባ? ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መገላገያዬ ነዋ! ዛሬ አንዱንም አልምረው።»

«የምትጠጡት የውሃ ጉድጓድ እኮ እዚያው መደቡ አጠገብ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ? ነቅዬ ነቅዬ ወገቤ ተቆረጠ። የነቀልኩት እጥፍ ሆኖ ይመጣል። እርግማን ነው እንጂ አበባ አይደለም!»

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች።

«መቼ ነው የሚነቅሉት?»

«ባለቤቴ ‹ዓይኔ ይጥገብበት› ትለኛለች። ደርቆ ሲረግፍ ነዋ።»

«ከዚያስ?»

«ፍግ ጉድጓድ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ሲበሰብስ መደቦቹ ላይ አለብሳለሁ። እኔ ምን አባክናለሁ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አባባ፣ ዘሩ እዚያ ውስጥ አይሞትም። በየዓመቱ አበባውን የሚዘሩት እርስዎ ነዎት።»

ሰው ሲያፍር ቁጣ ይቀናዋልና አናጢው «ትናንት ተወልደሽ ዛሬ ልታስተምሪኝ!» ብለዋት ገቡ። መድኃኒቱን በጣሳ ለክተው መርጫው ውስጥ ገለበጡ፤ ባዶውን ጣሳ የውሃ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጠው መርጫውን ሊያዝሉ ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ባለቤታቸው በዚያ ጣሳ ከጉድጓዱ ባልዲ ውሃ ቀድተው ወደ አፋቸው እያስጠጉ ነው።

«ጣይው! አንቺ ሴት፣ ጣይው!»

ጣሳው ከእጃቸው ወደቀ። ልጅቷም ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ ገባች። አናጢው ሚስታቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ከንፈራቸውን በሸሚዛቸው ይጠርጉላቸዋል።

«አልነካኝም አልኩህ እኮ» ይላሉ ባለቤታቸው። እሳቸው ግን አይሰሙም።

ከዚያ አናጢው ወደ ልጅቷ ዞሩ። «እሺ ልጄ፣ ንገሪኝ።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው አባባ። አበባው መጠውለግ ሲጀምር፣ ዘር ሳይቋጥር ራስ ራሱን ይቁረጡት። ዘር የቋጠረውን ያቃጥሉት እንጂ ፍግ ውስጥ አይጨምሩት። ለእማማ አጥሩ ሥር አንድ መደብ ይተዉላቸው፤ ከዚያ አልፎ የበቀለውን ገና በቡቃያነቱ ይንቀሉት።»

«በዚህ ዓመት ይጠፋል?»

«አይጠፋም። አፈሩ ውስጥ የከረመ ዘር አለ። ግን እየቀነሰ ይሄዳል።»

መድኃኒቱ ከመርጫው ወደ ጀሪካኑ ተገልብጦ ወደ ሻጩ ተመለሰ። አንባቢ ሆይ፣ ውበትን ወሰን አበጅተውለት ቢይዙት ይጠቅማል፤ ዛሬ ሽንኩርቱ ቦታውን አግኝቷል፣ አጥር ሥር ላለው አበባ የሚመጣው ንብም የጓሮው ዱባ እንዲያፈራ ረድቷቸዋል። ከአረሙ ይልቅ ፈርቶ የቸኮለ እጅ እንደሚያጠፋ አናጢው ራሳቸው ለጎረቤት ይመክራሉ። ባለቤታቸው ውሃ ሲጠጡ ግን፣ እስኪውጡ ድረስ አናጢው ዛሬም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።