አባቴ ፎቅ ላይ የሚቆምበት ምክንያት

አባቴ ደረጃ ሲወጣ ለምን በየፎቁ ቆሞ ሰዓቱን ያያል? ቶተንሃም ያለው ሕንፃችን ሊፍት በተበላሸ ቁጥር ይህን እጠይቅ ነበር፤ በልቤ ብቻ። ጓደኞቼ «አባትሽ ባትሪ ጨረሰ» ብለው ሲስቁ፣ አፍሬ ቀድሜው እሮጣለሁ።

በቀደም የባሕር ኃይል ጠላቂዎችን ታሪክ ወደሚያሳይ ኤግዚቢሽን አባቴን ይዤው ሄድኩ። አስጎብኚው ሽማግሌ፣ እሳቸውም የቀድሞ ጠላቂ፣ አንድ የብረት ክፍል አሳዩን። ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ፍየሎች አስገብተው የአየር ግፊቱን እየለዋወጡ ሞከሩ፤ ከጥልቅ ውሃ የሚወጣ ሰው በየመሃሉ ሰዓቱን እያየ ለተወሰነ ደቂቃ እየቆመ ካልወጣ መገጣጠሚያው እንደሚጎዳም በዚህ አወቁ አሉን።

አባቴ ብረቱን ዳሰሰ። «እኔም ምጽዋ ጠላቂ ነበርኩ» አለ በዚያ ሰባራ እንግሊዝኛው። «አንዴ ራሱን የሳተ ጓደኛዬን ይዤ ሳልቆም ወጣሁ። እሱ ተረፈ፤ ጉልበቴ ግን ይኸው።»

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡት። ሰው ፊት መናገር የምፈራው እኔ፣ «አባቴ ነው!» ስል አዳራሹ ሁሉ ዞረ።

«አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጥለሽኝ ትሮጫለሽ እንጂ መቼ ጠየቅሽኝ?»

ቤት ስንደርስ ሊፍቱ እንደ ልማዱ አይሠራም። ደብተሬን አወጣሁ። በየፎቁ አብሬው እየቆምኩ ታሪኩን ልጽፍ ወሰንኩ።