የመበለቷ ቀሚስ ሲጠብ

እንዴት ዋሉ እትዬ? ስፌቱ በረታ? ኧረ አይነሱ፣ እዚችው በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ። ዛሬስ ይሞቃል... መስኮቱን ልክፈተው እንዴ? አይ፣ ይቅር። ነፋስ ለጉሮሮ አይሆንም። ለእኔ ጉሮሮ እንኳ ማን ይጨነቃል፤ እዚያ ጥግ መስታወቱ ፊት የተቀመጠ ሌላ ጉሮሮ አለ ብዬ ነው። አይስጉ፣ ጆሮዋ ላይ ያንን ሙዚቃ መስሚያ ሰክታለች። እኔም ጮክ የምለው የእርስዎ ጆሮ ደከም ስላለ ነው። ደግሞ ብትሰማስ? ማንን አማን?

ይሄ የመበለቷ ቀሚስ አይደለም እንዴ? አቤት ሲያጠቡት! እኔ ስለብሰው እኮ ወገቡ ሁለት ሰው ያስገባ ነበር። ለነገሩ መጀመሪያ ላይ መበለቷ የሃምሳ ዓመት ሴት ነበረች፣ የአምስት ልጆች እናት። ደራሲው ሳሎን ስድስት ሆነን ወረቀት ይዘን ሙዚቃዊ ቴአትሩን ስናነብ ማለቴ ነው፤ አራት ዓመት ሆነው። ከዚያ ኖታችንን ፊታችን ደርድረን፣ ቆመን ለወዳጅ ዘመድ ስንዘፍነው አርባ ሆነች። ወለሉ ላይ በፕላስተር በርና መስኮት አስምረን ስንለማመድ ሠላሳ አምስት። ስፖንሰሮቹ መጥተው አዩዋትና... ሃያ አራት ገባች! ልጆቿስ ይሉኛል? ታናናሽ እህቶቿ ሆኑ። ባል ሞቶባት እንዲህ የሚያምርባት ሴት አይቼ አላውቅም።

ተዋናይ የተመረጠውማ በፈተና ነው፣ ማንም አድልዎ ነበር እንዳይል! ሁለት መቶ ሴት ደረቷ ላይ ቁጥር ለጥፋ ደረጃው ላይ ተሰልፋ... እኔም ተሰልፌያለሁ። መቶ አሥራ ሦስት። አራት ዓመት ሙሉ የዘፈንኩትን ዘፈን ልፈተን። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ልጅ "ዘፈኑን ያውቁታል ወይስ ግጥሙን እንስጥዎት?" አለኝ። ስጡኝ አልኩት፣ ምን ቸገረኝ። አዘጋጁ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና "ግሩም ነው፤ ግን አንቺ መበለቷን በጣም ትመስያለሽ፣ እኛ አዲስ ነገር ነው የምንፈልገው" አለኝ። በየንባቡ ማግስት "ይህቺ ሴት ያንቺ ናት" ይለኝ የነበረው እሱ ነው... ደግ ሰው ነው፣ ሰው ማስከፋት አይወድም። ስወጣ ፖስተሩ ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል። ከጥርስ ሳሙናው ማስታወቂያ የምናውቀው ጥርስ፣ ሙሉ በሙሉ። እኔ ገና መቶ አሥራ ሦስተኛ ነኝ፣ ከኋላዬ ሰማንያ ምናምን ሴት ተሰልፋለች፤ ማተሚያ ቤቱ ግን ሥራውን ጨርሷል። እንዲህ ያለ ቀልጣፋ ማተሚያ ቤት አይተው ያውቃሉ?

አልቅሻለሁ እትዬ፣ ለምን እዋሻለሁ። ቁጥሩን ከደረቴ ሳልነቅል እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሁን ወጥቶልኛል፤ ያዩኝ የለ ስስቅ?

ይህቺ መስታወቱ ፊት ያለችው ባለ ጥርሷ ልጅ ደግሞ ታታሪ ናት። ዘፈኑን ዝቅ አደረጉላት፤ አልመች አላት። አሁንም ዝቅ፤ አሁንም አልመች አላት። ዜማ ደራሲው ከዚህ በታች ፒያኖው ያልቃል ብሎ ተማጽኖ ነው የቆመው። ትጋት ማለት ይሄ አይደል? ያቺን የዝምታ ቦታ ያውቋታል? በሁለተኛው ንባብ ጉንፋን ይዞኝ፣ መሃል ላይ ድምፄ ጥፍት ብሎ ቀጥ ያልኩባት? እኔ ተዋረድኩ ብዬ ልሞት፣ ሰዉ ሐዘን መስሎት ያለቅሳል። ዜማ ደራሲውም ወዲያው ኖታው ላይ አሰፈራት፣ አራት ምት ዝምታ። የኔ ጉንፋን ይኸው ለእሷ ተረፈ። ትናንት ልምምድ ላይ አየኋት... እውነቱን ልንገርዎት፣ ከዘፈኑ ሁሉ አሳምራ የምትሠራው እሱን ነው።

ምነው ዞር አለች? ምንም አይደለም እህቴ፣ ስለ ቀሚስሽ ነው! ያምርብሻል!

እና ዛሬ ጠዋት አዘጋጁ አስጠራኝ። "ውለታሽን አልረሳም" አለና... የመጨረሻዋን ከፍ ያለች ድምፅ ብቻ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመሽ አውጪልን፣ እሷ ፊት ለፊት አፏን ትከፍታለች፣ ማንም አያውቅም አለኝ። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፣ ይሄ ነውር አይደለም? ለእኔ አላልኩም፣ ለእሷ! እሷን የሚያህል ሰው በእኔ ድምፅ ይሸፈናል? ፈርሚ ያለኝን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። ቅዳሜ ለመክፈቻው አልኖርም፣ ታላቅ እህቴ ዘንድ ነኝ አልኩት። ላብ በላብ ሲሆን አሳዘነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያለ ስስት ሰጥቻለሁ እትዬ፤ ለሌላ ሰው አፍ መሆን ግን አልችልበትም።

በሉ ልሂድ፣ ሥራ አስፈታሁዎት። ደግሞ ቂም ይዛ ሄደች እንዳይሉኝ፣ መርቄያት ነው የምሄደው፦ ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ፣ ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ ያቺ የመጨረሻዋ ቦታ ስትደርስ፣ እግዜር ያላትን ድምፅ ሁሉ ያውጣላት። ምንም ሳይቀነስ፣ ምንም ሳይጨመር፣ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማላት። አሜን አይሉም እትዬ?