ምንጣፉ ላይ የተኛው

ሄሎ... አቤት ወንድሜ። ደህና ነኝ፣ ስፌት ላይ ነኝ። የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ነገ አስረክባለሁ። አንተስ፣ መንገዱ እንዴት ነው?

...ማንን አገኘሁ አልክ? ጎርፍን? ውሻችንማ እዚሁ ነው። ምንጣፉ ላይ ተኝቷል፣ ልጄ ጀርባውን እያበጠረችለት ነው።

...አይ፣ ሌላ ውሻ ይሆናላ ያገኘኸው። ትናንት አጥሩን ዘሎ ጠፍቶ ነበር፣ እሱስ እውነት ነው። ሚጡ ስታለቅስ አመሸች። ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት... አዎ፣ ቁጭ ብሎ። እኔም ገርሞኛል። ያ፣ ሰው ባየ ቁጥር ደረት ላይ የሚወጣ፣ ሁለት ወንበር አኝኮ የጨረሰ፣ ጥጃ የሚያክል ውሻ ዛሬ ኮሽ አይልም። ምግቡንም አልነካ። ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ አይታው፣ በስተመጨረሻ ልብ ገዛ ብላ ስቃ ሄደች።

...ነዳጅ ማደያው ጋ? ጎርፍ ስትለው መኪናው ውስጥ ዘሎ ገባ?... ጆሮው? አዎ፣ ግራው። ሐኪሙ ሲሰፋው አንተ አይደለህ እንዴ ጭንቅላቱን የያዝክለት... ጠባሳው አለ?

ቆይ። እስኪ ይሄን ልየው።

...ወንድሜ። የዚህኛው ጆሮ ደህና ነው። ምንም የለበትም።

— ሚጡዬ፣ ማበጠሪያውን እዚያው ተይውና ወደ እኔ ነይ። ቀስ ብለሽ... አትሰናበቺው። ነይ። —

አፈጠጠብኝ። እሷን አይደለም፣ እኔን ነው የሚያየው።

...እሺ፣ ስልኩን አስጠጋለት... አዎ። ይሄ የጎርፍ ጩኸት ነው። እንዲህ ቤት የሚያፈርስ ሌላ የለም። ይሄኛው ግን ጆሮውን እንኳ አላቆመም።

...ወጥተናል፣ ደጅ ነን። በሩን ቆልፌዋለሁ። ሌላ መውጫ የለውም፣ መስኮቱም ፍርግርግ አለው። ቆይ፣ በመስኮቱ ልየው...

የለም። ምንጣፉ ላይ የለም። ከጠረጴዛው ሥርም የለም። አንድ ክፍል እኮ ነው ወንድሜ፣ የት ይገባል?

...ያንተው ለምን ዝም አለ? አሁን እኮ ሲጮኽ ነበር... ቁጭ አለ? እንደዚህኛው? ከኋላህ?... ወንድሜ፣ ስማኝ። ዞረህ አትየው። መኪናውን ዳር አስይዝና ውረድ። ዝም ብለህ ውረድ።

ሄሎ?... ትሰማኛለህ? ወረድክ?... ሄሎ —