የሙሽራዋ ብስክሌት

(በአዋሽ ዳር፣ ሜዳማው የሸንኮራ አገር። የመስኖው ቦይ ሞልቶ መንገዱን ስላጥለቀለቀው የሙሽሮቹ መኪና ጭቃ ውስጥ ቆሞ ቀርቷል፤ ሙሽራው ጌጡ ትራክተር ፍለጋ በእግሩ፣ የእናቱ ሰፈር መግቢያ ላይ ወዳለው ድልድይ ቀድሟል፤ ሙሽራዋ ትርሲት ደግሞ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ባስወረደችው የራሷ ብስክሌት፣ ከአዲስ አበባ የመጣው አንደኛ ሚዜ ናሆም እየነዳ፣ እሷ በቬሎዋ ከኋላ ተቀምጣ፣ በቦዩ ዳር የጠጠር መንገድ ላይ እየተንገዳገዱ ነው።)

ትርሲት፦ ውረድ አልኩህ እኮ! ቦዩ ውስጥ ልትከተኝ ነው።

ናሆም፦ ዝም ብለሽ ያዢኝ። ሚዜ ነኝ፤ ሙሽራ የማድረስ ግዴታ አለብኝ።

ትርሲት፦ የት ነው የምታደርሰኝ? ዓሣዎቹ ጋ?

ናሆም፦ መንገዱ ነዋ! ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይሸሻል። አስፋልት ቢሆን ኖሮ ታዪኝ ነበር።

ትርሲት፦ አዲስ አበባ መቼ ብስክሌት ነድተህ ታውቃለህ?

ናሆም፦ ልጅ ሆኜ፣ በኪራይ።

ትርሲት፦ እንግዲያው የኪራዩ ሰዓት አልቋል። ውረድና ከኋላ ተቀመጥ።

ናሆም፦ በቬሎ ልትነጂ? ሰው ምን ይለናል?

ትርሲት፦ ከሸንኮራው በቀር ማን አለ? ይልቅ ቬሎዬን ሰብስበህ ያዝልኝ፣ ካቴናው ውስጥ እንዳይገባ።

ናሆም፦ እሺ፣ ያዝኩ። ኧረ ቀስ! ፍሬን አለው ግን?

ትርሲት፦ ለሠርጉ ብዬ አዲስ አስገጥሜለታለሁ። ሌላዋ ሙሽራ ፀጉር ቤት ስትውል እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ቤት ነበርኩ።

ናሆም፦ ያስታውቃል።

ትርሲት፦ ምን አልክ?

ናሆም፦ ፍሬኑ። ፍሬኑ ያስታውቃል።

ትርሲት፦ እግርህን አንሳ፤ ኮረኮንቹ እዚህ ጋ ይከፋል። አየህ፣ ጠጠር ሲበዛ መሪውን አትታገለውም። ላላ ታደርገዋለህ፣ ራሱ መንገዱን ያገኛል።

ናሆም፦ እንደ ጌጡ ነዋ።

ትርሲት፦ ጌጡን ዛሬ አትንካብኝ። ገና ትኩስ ባል ነው።

ናሆም፦ አንድም ዳገት የሌለበት አገር! ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ እኮ።

ትርሲት፦ ወንዙ ላይ ይረፍ። ያ የዛፍ ሰልፍ የሚታይህ አዋሽ ነው። ቦዩ ሁሉ ከሱ ይወጣል፣ የተረፈው ወደሱ ይመለሳል። እኔ ደግሞ በመካከል ስመላለስ እውላለሁ።

ናሆም፦ ይሄ ሁሉ ውሃ ግን መንገድ ላይ ምን ይሠራል? ዝናብ እንኳ የለ።

ትርሲት፦ የቦዩ የታችኛው የውሃ በር አልተከፈተማ። እሱ ካልተከፈተ ቦዩ ይሞላና ወደ መንገድ ይወጣል።

ናሆም፦ መክፈት የነበረበት ማነው?

ትርሲት፦ እኔ።

ናሆም፦ አንቺ?

ትርሲት፦ ውሃ አከፋፋይ አይደለሁ? ላግባ ብዬ ፈቃድ ወጣሁ። በኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ደግሞ...

ናሆም፦ ደግሞ ምን?

ትርሲት፦ ሠርጌ ላይ ስትጨፍር ነበር። አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰችው። አንተ ላይ ዓይኗን ጥላ የነበረችው።

ናሆም፦ እንደዚያ ከሆነ ይቅር ብያታለሁ።

ትርሲት፦ ደረስን፣ በሩ ይሄ ነው። ውረድ፣ ጉልበትህን እፈልጋለሁ። ይሄን እጀታ ከኔ ጋር አዙር።

ናሆም፦ በዚህ ሱፍ?

ትርሲት፦ እኔስ በዚህ ቬሎ?

ናሆም፦ እህህ! ዝጎ የለም እንዴ! ቆይ... ተንቀሳቀሰ! ስሚው ውሃውን፣ ስሚው!

ትርሲት፦ በቃ፣ አሁን መንገድ ላይ ያለው ይጎድላል፤ መኪናውም ይወጣል። ና ተቀመጥ።

ናሆም፦ የቬሎሽ ጫፍ ግን ጭቃ በጭቃ ሆነ። አማትሽ እትዬ በላይነሽ ሲያዩት...

ትርሲት፦ እሳቸውን ካነሳህ አይቀር፣ አሁን ንገረኝ።

ናሆም፦ ምኑን?

ትርሲት፦ ከቤታችን ከወጣን ጀምሮ ጉሮሮህ ላይ ይዘኸው የምትዞረውን።

ናሆም፦ እኔ? ምንም የለም።

ትርሲት፦ ሰው ሁሉ ሲጨፍር፣ አንተ መኪናው ጣሪያ ላይ ወጥተህ የብስክሌቴን ገመድ ስትፈታ በመስኮት አይቼሃለሁ።

ናሆም፦ እያጠበቅኩት ነበር።

ትርሲት፦ በጥርስህ?

ናሆም፦ ማን እንዲህ አድርጎ ያስራል ደግሞ! ጥርሴን ልታወልቂው ነበር።

ትርሲት፦ ማን ላከህ?

ናሆም፦ መንገዱን እያየሽ ንጂ።

ትርሲት፦ መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። ማን ላከህ?

ናሆም፦ ጌጡ። እናቱ፣ «ምራቴ ብስክሌት ላይ ተንፈራጥጣ በደጄ አታልፍም» ብለው አምርረዋል። እሱ ደግሞ አንቺን ፈራ። «የረሳነው አስመስለህ አባቷ ቤት አስቀርልኝ፤ ካልሆነም ቀስ ብለህ አንተው ንገራት፣ ሚዜ አይደለህ» አለኝ።

ትርሲት፦ እና እስካሁን ምን ዝም አሰኘህ?

ናሆም፦ እኔም ፈራሁሽ።

ትርሲት፦ ብስክሌቱ ከሌለ ሥራዬም እንደሌለ ያውቃል? ከዚህ እስከ ወንዙ ያሉትን በሮች በእግሬ ልዞራቸው ነው?

ናሆም፦ ያውቃል።

ትርሲት፦ እንዴት እንደተዋወቅን ነግሮሃል?

ናሆም፦ ስንቴ! ብርጭቆ በያዘ ቁጥር። «ከነሞተሬ ቦይ ውስጥ ወድቄ፣ አንዲት ልጅ በብስክሌት መጥታ ጎትታ አወጣችኝ፤ አንዴ እንኳ አልሳቀችብኝም» ይላል።

ትርሲት፦ ስቄያለሁ። ፊቴን ወደ ሸንኮራው አዙሬ ነው እንጂ።

ናሆም፦ አልነግረውም።

ትርሲት፦ ናሆም፣ ከፍቶኛል። ብስክሌት ላይ ያያትን ልጅ ወዶ፣ ከብስክሌቷ አውርዶ ሊያገባት ነው እንዴ?

ናሆም፦ ይወድሻል እኮ።

ትርሲት፦ እሱን መቼ አጣሁት። ራሱ ቢነግረኝ ተጣልተን እንታረቅ ነበር። አንተን ሲልክ ከማን ጋር ልጣላ?

ናሆም፦ ከኔ ጋር ተጣዪ። ሚዜ ለመቼ ነው?

ትርሲት፦ አንተማ ታሳዝነኛለህ። ጥርስህ ደህና ነው?

ናሆም፦ ይነቃነቃል። ግን ልንገርሽ? ገመዱ በመጨረሻ ተፈትቶልኝ ነበር።

ትርሲት፦ ውሸታም! ታስሮ አይደል የመጣው?

ናሆም፦ መልሼ አሰርኩት። ልክ ሲፈታልኝ ወደ ታች ባይ አባትሽ ቆመው ያዩኛል። የማጠብቀው መስሏቸዋል። ጨርቅ ይዘው መጥተው፣ «ልጄ፣ ቀለሙ እንዳይፋቅ ይሄን ከሥሩ ደርብለት» ብለው አቀበሉኝ። ምን ላድርግ? ደረብኩለት።

ትርሲት፦ አባዬ...

ናሆም፦ ኧረ አታልቅሺ! ኩልሽ ይፈሳል፤ ቦዩም እዚሁ አጠገባችን ነው።

ትርሲት፦ ነፋሱ ነው።

ናሆም፦ እሺ፣ ነፋሱ ነው። ያውልሽ ድልድዩ። ሰዉ ሁሉ ሊቀበለን ወጥቷል።

ትርሲት፦ እትዬ በላይነሽስ?

ናሆም፦ ከሁሉም ፊት፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው። ጌጡም አጠገባቸው ቆሟል። ትራክተር ያገኘ አይመስልም።

ትርሲት፦ አየኝ?

ናሆም፦ አየሽ። እጁን ሊያነሳ አለና... እናቱን አይቶ መለሰው።

ትርሲት፦ ልውረድ መሰለኝ።

ናሆም፦ ምን?

ትርሲት፦ በመጀመሪያው ቀን ከሳቸው ጋር መቀያየም አልፈልግም። በእጃችን እየገፋነው እንግባ። ቀስ ብዬ በኋላ አስለምዳቸዋለሁ።

ናሆም፦ በኋላማ ጓዳ ገብቶ ልብስ ማስጫ ይሆናል።

ትርሲት፦ አንተ የማን ሚዜ ነህ?

ናሆም፦ የእሱ። ግን ጠዋት የእናትሽን ጉልበት ስሜ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሟ ነኝ» አላልኩም?

ትርሲት፦ ለወጉ ነዋ ያልከው።

ናሆም፦ አዎ፣ ለወጉ ነበር። አትውረጂ።

ትርሲት፦ ደረስን እኮ ናሆም፤ ፍሬን ልይዝ ነው።

ናሆም፦ እጅሽን ከፍሬኑ ላይ አንሺ! ጌጡ! አንተ ጌጡ! የላክኸኝን ነግሬያታለሁ፣ እምቢ ብላለች! እናትህን ይዘህ ዳር ውጣ፣ ፍሬን የለንም!