እቶን ጠባቂዎቹ

እሁድ ከሰዓት፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ፤ ናሁሰናይ ትርሲትን ለጋብቻ እንዲጠይቁለት የላካቸው ሽማግሌዎች አባቷ ቤት ተቀምጠዋል፣ ሁለቱ ተመራማሪዎች፣ እሱና እሷ፣ ግን የብረት ቅይጥ ዘንግ ቀስ እያለ የሚወርድበትን የጋለ እቶን ይጠብቃሉ።

ናሁሰናይ፦ አፈር ስሆንልሽ፣ ፍጥነቱን ትንሽ ጨምሪውና እንሂድ!

ትርሲት፦ አልጨምርም። እጅህን ከመቆጣጠሪያው ላይ አንሳ።

ናሁሰናይ፦ በሰዓት አንድ ጣት! ኤሊ እንኳ ትቀድመዋለች።

ትርሲት፦ ትቅደመው። ዘንጉ ከእሳቱ ቀስ ብሎ ካልወረደ መስመር ይዞ አይጠጥርም። ውስጡ ያሉት ክሮች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ቀጥ ብለው ማደግ አለባቸው። ካጣደፍናቸው ይዘበራረቃሉ፤ ነገ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ሲግል ስንጥቅ ነው። ያለፈውን ረሳኸው?

ናሁሰናይ፦ አንቺ መቼ ታስረሺኛለሽ!

ትርሲት፦ የቀረን ቅይጥ ይሄ ብቻ ነው። ከተበላሸ የስንት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ። ደግሞ አትንጎራደድ፣ ወለሉ ይነቃነቃል።

ናሁሰናይ፦ ይኸው ቆምኩ። አባትሽ ግን ምን እያሰቡ ነው? ሰዎቹ ከገቡ ቆዩ እኮ!

ትርሲት፦ አባቴ የእኔን ቃል እየጠበቀ ነው።

ናሁሰናይ፦ የአንቺን?

ትርሲት፦ ጠዋት ጠየቀኝ። ሳልደውልልህ መልስ እንዳትሰጣቸው አልኩት።

ናሁሰናይ፦ እኔ እዚህ በቁሜ ስቃጠል አንቺ ጭጭ? ምን አጠፋሁ?

ትርሲት፦ እወድሃለሁ። ግን ችኩል ነህ፣ የጀመርከውን መሀል ላይ ጥለህ ትሮጣለህ። እሱ ያስፈራኛል።

ናሁሰናይ፦ እኔ መቼ ነው ጥዬ…

ትርሲት፦ ቆይ! የእቶኑ ማቀዝቀዣ ውሃ ፓምፕ ቆመ! ከበርሜሉ በጣሳ እየቀዳህ ማቀዝቀዣው ላይ ጨምር፤ እንዳይጎድል! እኔ ፓምፑን ልየው።

ናሁሰናይ፦ እየጨመርኩ ነው።

ትርሲት፦ ስልክህ ይጠራል። ጋሽ መንበሩ ናቸው፣ ሽማግሌህ።

ናሁሰናይ፦ ይጥራ።

ትርሲት፦ ተስፋ ቆርጠው ሊወጡ ይሆናል እኮ!

ናሁሰናይ፦ ይውጡ! ውሃው ይጎድልብኛል፣ አታዋሪኝ። ፓምፑን ሥሪ!

ትርሲት፦ …ፓምፑ ተነሳ። በቃ፣ ጣሳውን አስቀምጥ።

ናሁሰናይ፦ ትንሽ ልጨምር። ደግሞ ቢቆምስ?

ትርሲት፦ ስልኬ የት ገባ? …አሎ፣ አባዬ? በር ላይ ደረሱ? ቶሎ በል፣ ሮጠህ መልሳቸው! እሺ ብላለች በላቸው!