‹ሻይ ፈሶብኝ ነው› ስትባል ያላመነች አስተማሪ

ከገለምሶ ወደ ጭሮ በሚመጣው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴት ተማሪዎች ስለ አንድ ልቦለድ ያወራሉ።

«ልጅቷን አክስቷ ስታቃጥላት አላለቀስሽም?»

«ወላሂ ቀናሁባት።»

«በተቃጠለችው?»

«አዎ። አስተማሪዋ ክንዷን አይታ ‹ምን ሆነሽ ነው?› አለቻት። ‹ሻይ ፈሶብኝ ነው› ብትላትም አላመነቻትም።»

«መጽሐፍ ነዋ።»

«እኔን ለትምህርት ብለው ከቦኬ አምጥተው አክስቴ ቤት ካስቀመጡኝ አራት ዓመቴ ነው። በዚህ ፀሐይ ሹራብ የምለብሰው ለምን ይመስልሻል?»

«ብርድ አልችልም ብለሽኝ ነበር።»

«አንቺም አመንሽኝ።»

ጓደኛዋ ዞር ብላ የሹራቡን እጅጌ አየች።

ጭሮ እስክንደርስ ድረስ የማስተምራቸውን ልጆች ክንድ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ የአንዳቸውም አልመጣልኝም።