የአባቱ ሌንስ በአዲስ ካሜራ

«ቀስ በይ፣ ሌንሱን በክርንሽ ልትሰብሪው ነው!» አለኝ ፎቶ አንሺው፣ ከኩልመስክ ወደ ላሊበላ በሚሄደው ሚኒባስ ወደ መስኮቱ ሳልፍ። መካከላችን የተቀመጡት ቄስ ሣቅ አሉ።

«ካሜራው አዲስ፣ ሌንሱ አሮጌ። እንዴት ተስማሙ?»

«በማገናኛ ቀለበት አጋባኋቸው፣ አባ።»

«ያለ ቄስ?»

«የአባቴ ሌንስ ነው። ነገ የእህቴን ሰርግ በሱ ነው የማነሣው።»

«እጅህ ለምዶታል?»

«ምስሉን የሚያጠራው በእጅ ሲዞር ስለሆነ፣ ገና ነኝ። እስኪ እርስዎን ልሞክር፤ አይንቀሳቀሱ።»

«እኔስ አልንቀሳቀስም፤ ለመንገዱ ንገረው።»

አነሣና ፎቶውን አየው።

«እርስዎ ደብዝዘዋል። ከእርስዎ ወዲያ ያለችው ልጅ ግን ጥርት ብላለች።»

«እንግዲህ ነገም ሙሽራዋን ትተህ ሚዜዋን ልታነሣ ነው!»

«አያሟርቱብኝ እንጂ፣ አባ! እንደገና ልሞክር።»

ላሊበላ ስንደርስ ፎቶዬን አጥፋው ሳልለው ወረድኩ።